ማን ገብቷል?

ቅናት የለብኝም የምትል ሴት ስትገጥመኝ ዝም ብዬ አልፋታለሁ። እኔ አለብኝ። ያኔም ነበረብኝ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም። የማወጋችሁ ሽማግሌ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጬ የሠራሁትን ጉድ ነው። ኮምፒውተር የማታውቁ አንባቢዎች አትስጉ። ቅናትን ካወቃችሁ ሌላው ይገባችኋል።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። አስተምራለሁ ስል ማውስ መግፋት፣ ደብዳቤ መተየብና ማተም ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያለፈ እኔም አላውቅም። ጌትነት ደግሞ እብናት ያንኑ ያስተምራል። ኮሌጅ አብረን ስንማር የተጀመረ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ነገሩን ወግ ለማስያዝ ሽማግሌ ላከ።

በእኛ አገር አባት ልጁን በመጀመሪያው ቀን ከሰጠ «ቆማ ቀርታበት ነው» ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌ ይመላለሳል። የጌትነት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲመጡ «እንመካከር» ተባሉ፤ ሁለተኛ ሲመጡ «ዘመድ እናማክር» ተባሉ። ሦስተኛው ቀጠሮ እሑድ ነበር። በሦስተኛው ሌላ ሰበብ ከተሰጠ ሽማግሌ ነገሩ ይገባዋል፤ በትሩን አንሥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። እናቴ ደግሞ የራሷ ቀጠሮ ነበራት። መልሱ እሺ ከሆነ ድፎው ቅዳሜ ማታ መቡካት አለበት። እምቢ ለሚባል ሽማግሌ ድፎ የሚደፋ ሰው የለም።

ሥልጠናው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ ተማሪዎች እረፍት ላይ ነበሩ። ከይፋግም፣ ከሐሙሲትም፣ ከእብናትም የኮምፒውተር መምህራን ደብረ ታቦር ተሰበሰብን። ጌትነትን ሳምንቱን ሙሉ ላየው ነው ብዬ ደስ አለኝ። የተቀመጥንበት ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ የጉና ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣት ያደነዝዛል። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው። እኛ የምናውቀው ሥርዓት ስለከበዳቸው ሊኑክስ የሚባል ተጭኖባቸዋል። ስዕል የለ፣ ማውስ የለ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የምትፈልገውን በጽሑፍ ታዘዋለህ። በዚያ ላይ ሁላችንም የምንሠራው በአንድ ዋና ማሽን ላይ ነው። ፊታችን ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ወደ እሱ መግቢያ በር ብቻ ነው።

አሠልጣኛችን ሰብለ ትባላለች፤ ከባሕር ዳር ነው የመጣችው። ቆንጆ ነበረች። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሳልነግራችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ደግሞ ሳቋ! ከክፍሉ ወጥታም ሳቋ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

በመጀመሪያው ቀን ለየራሳችን አንዳንድ ትንሽ ፕሮግራም ሰጠችንና «ስሙን ጽፋችሁ አስነሡት» አለች። ጻፍን። ማሽኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም አለ። ፋይሉ እዚያው ፊታችን አለ እኮ።

«ማሽኑ ትእዛዝ የሚፈልገው ከታወቁ ቦታዎች ሄዶ ነው» አለች ሰብለ። «እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ ከስሙ በፊት ነጥብና እዝባር፣ ያቺን ያዘመመች ጭረት፣ አድርጉ። ‹እዚሁ ያለውን› ማለታችሁ ነው።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። ጌትነት አጠገቤ ተቀምጦ ስሙን ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ ይጽፋል። ማሽኑ ጆሮው የከበደ ይመስል ቁልፎቹን እየመታ መጻፍ ጀመረ። አየሁትና ሳቄ አመለጠኝ።

«ጌትዬ፣ ሰው ደጁ ላይ የተቀመጠውን አገር ላገር እየዞረ ይፈልጋል እንዴ?» አልኩት፤ ድምፄን ግን ቀነስ አላደረግኩም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የይፋጉ መምህር እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጌትነትም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። በማግስቱ «ብርሃን ይሻለኛል» ብሎ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም እውነት ብርሃን ፈልጎ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰብለ አዲስ ትእዛዝ አስተማረችን፤ who የሚል። ማን ገብቷል ብሎ ማሽኑን መጠየቅ ነው። የገቡትን ሰዎች ስም፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደ ገቡም ጭምር ይዘረዝራል። «የጋራ ቤት ነው» አለች እየሳቀች፤ «በጋራ ቤት ማን እንዳለ መጠየቅ ነውር የለውም።»

ለምሳ ስንወጣ ጌትነትን ጠበቅኩት። «ከእብናት ልጆች ጋር ልበላ ነው፤ አንቺ አትጠብቂኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ደስ ሳይለኝ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሰው የለም። እጄ ሥራ ፈትቶ ያችኑ የጠዋቷን ትእዛዝ ጻፈ። የእኔ ስም መጣ። ከሥሩ የጌትነት ስም መጣ። ምሳ ላይ ነኝ ያለው ጌትነት ገብቷል። የገባው ከየት ነው? ከአንድ ቁጥር ኮምፒውተር። አንድ ቁጥር ደግሞ ክፍሉ ጥግ ካለችው ጠባብ እቃ ቤት ውስጥ፣ ሰብለ የምትቀመጥበት ነው። ቀና ስል የእቃ ቤቱ በር ተዘግቷል። ከበሩ ጀርባ ያ ሳቅ ተሰማ።

ቀናሁ። ሌላ ቃል የለኝም። ምሳም አልበላሁ። ከሰዓት በኋላ ጌትነት በእቃ ቤቱ የውጭ በር ወጥቶ ዞሮ ሲመጣ «ምሳ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ጥሩ ነበር። ሽሮ በላን።»

ሽሮው የበሰለው በስንት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይሆን? ልጠይቀው ነበር፤ ዋጥኩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እንግዲህ ማን አስናቀኝ? ራሱ እጮኛዬ አይደል?

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቀኛል። «አንቺ ልጅ፣ እሑድ ለቄስ መንገሻ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ቄስ መንገሻ የጌትነት የነፍስ አባትና የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ናቸው።

«ነገ ልንገርዎ፣ አባዬ።»

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ መልሴን ያውቀው ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና «እኔ ሌላውን ነገር አላውቅም» አለች፤ «ነገ ማታ ዱቄቱን ላቡካ ወይስ ልተወው? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው። የየራሳችንን ፕሮግራም ጽፈን የብዙ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ውጤት እንድንደምርና ደረጃ እንድናወጣ ታዘዝን። ከሰዓት በኋላ ለሰብለ እናሳያለን። ማሽኑ የሁላችንንም ሥራ አንድ ላይ ስለተሸከመ እንደ አሮጌ ባቡር ያዘግማል። እኔ ጠዋት በማለዳ ገብቼ ቀድሜ አስነሣሁት። የሄደው ይሂድ፣ ከሁሉ በፊት እጨርሳለሁ አልኩ። ቢያንስ በዚህ አትበልጠኝም። ማን? አሠልጣኟ! የተማሪዋን ያህል አታውቅም ብዬ መሆኑ ነው፤ ቅናት ማስተዋል የት ያውቃል።

በዚያው ጠዋት ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው ማን ምን እያሠራ እንደሆነ መዘርዘር ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ቁጥር አለው። ሁለተኛው ደግሞ በቁጥሩ ጠርቶ ያንን ሥራ ማስቆም ነው። «ስሙ መግደል ነው፤ አትደንግጡ» አለች ሰብለ። «ከተሳካላችሁ ማሽኑ ምንም አይላችሁም። ዝምታው እሺታ ነው።»

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጌትነት አሁንም ከእብናት ልጆች ጋር ሊበላ ሄደ። የእብናት ልጆች ግን በመስኮቱ ሥር ያለ እሱ ሲያልፉ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። ተቀመጥኩ። ማን ገብቷል? ጌትነት፣ ከአንድ ቁጥር። ምን ያሠራል? ዝርዝሩን አወጣሁት። አንድ ጽሑፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። በሩ ተዘግቷል። ሳቋ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። የጌትነትን ሥራ ቁጥር ወሰድኩና የመግደያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የሁለቱ ስክሪን ድንገት ጨልሞ ሲደነግጡ ይታየኛል።

ማሽኑ አልተፈቀደልሽም አለኝ።

ደገምኩት። አልተፈቀደልሽም። ለካ የሌላውን ሰው ሥራ ማየት ለሁሉ ተፈቅዷል፣ ማስቆም ግን የሚቻለው የራስን ብቻ ነው። ሰብለ ይህን ሳትነግረን አልቀረችም፤ እኔ ግን እሷ ስታወራ ቀሚሷን ነበር የማየው። ጌትነት በዚህ መሃል ጽሑፉን ዘግቶ እንደገና ከፈተ፤ ቁጥሩም ተቀየረ። ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ። ቸኩያለሁ፣ መስመሮቹም ተጠጋግተዋል። ቁጥሩን ገለበጥኩና መታሁት።

ማሽኑ ዝም አለ።

ዝምታው እሺታ ነው። ወንበሩ ላይ ተደላደልኩና ጆሮዬን ወደ በሩ አቀናሁ፤ አሁን «ምን ሆነ?» ሲባባሉ እሰማለሁ ብዬ። የመጣው ሳቅ ነው፤ የሰብለ ሳቅ። ግራ ገባኝና ዝርዝሩን እንደገና አየሁ። የጌትነት ሥራ አለ። የእኔ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሲያዘግም የዋለው ሥራዬ፣ ሊጨርስ ጥቂት የቀረው፣ በገዛ እጄ ሞቷል። ዓይኔ አንድ መስመር ስቶ የራሴን ቁጥር ገልብጬ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ እኔ ግን ለመልቀምም አልደረስኩ።

ተነሣሁ። ለእናቴ «አታቡኪው» ስላት፣ አባቴም ለቄስ መንገሻ አንገቱን ደፍቶ ሰበብ ሲሰጥ ታየኝ። ይሁን አልኩ። በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩት።

ሰብለ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች። በአንድ እጇ ስጋ የተጠቀለለበት እንጀራ ይዛ፣ በሌላው ሞባይል ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከእናቷ ጋር ትስቃለች። ጌትነት ብቻውን አንድ ቁጥር ፊት ተቀምጧል። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ሲያየኝ ተነሥቶ ስክሪኑን በገላው ከለለው። በብብቱ ሥር አጮልቄ አየሁት። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ነው የሚደጋገመው፤ ፈቃድ የለህም፣ ፈቃድ የለህም፣ ፈቃድ የለህም።

ሰብለ ስልኩን ዘግታ ሁለታችንንም አየችን። «እባክሽ ውሰጂልኝ» አለችኝ፤ «ሁለት ቀን ሙሉ ምሳዬን በሰላም አልበላሁም። አስረዳዋለሁ፣ ገባኝ ይላል፣ ዞር ስል ያው ነው።»

ጌትነት ቀድሞኝ ወጣ። ግቢው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ደረስኩበት።

«ምሳህን ከእብናት ልጆች ጋር አይደለም እንዴ የምትበላው?»

«አልበላሁም። ትናንትም አልበላሁም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚያ?»

ቅጠል ቀጠፈ። «ያችን ፕሮግራም ማስነሣት አቃተኝ፣ የሻረግ። የመጀመሪያው ቀን ነጥቧን አላወቅኩም፤ ነጥቧን ሳውቅ ደግሞ ሌላ መጣ። እሑድ ሽማግሌ ልኬ ሰኞ ‹ባሏ እንኳ…› ልባል ነው?»

«ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?»

«ምን ብዬ?»

«አልገባኝም ብለህ።»

«ለአንቺ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ጣትሽ ኪቦርዱ ላይ ሲወርድ እያየሁ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀናሁ። ሰው በሚስቱ ይቀናል እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ለካ ይቀናል።»

ያ ሁሉ እሳት ለካ በከንቱ ነበር ብዬ እፎይ ማለት ነበረብኝ። አልኩም፤ ግን ሁለት እርምጃ እንኳ ሳልራመድ ሌላ ቅናት ተነሣብኝ፣ ከፊተኛው የባሰ።

«ስለዚህ ለእሷ ነገርካት» አልኩት።

«ምኑን?»

«አለማወቅህን። ለእኔ ዕውቀትህን ብቻ ነው የምታሳየኝ፤ ብርሃን ይሻለኛል ብለህ ዞር ትላለህ። ለእሷ ግን ላብህን ጭምር አሳየሃት።»

«እሷ ምኔ ናት? ነገ ባሕር ዳር ትገባለች።»

«እሱ ነው የከፋኝ! ምንህም ላልሆነች አልገባኝም ትላለህ፤ ለሚስትህ ግን አትልም። እዚሁ አጠገብህ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጌትነት። እዚሁ።»

ቅጠሉን ጣለው። ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ «ያንቺስ? ጨረሰ?» አለኝ።

«ገደልኩት።»

«ምኑን?»

«የራሴን ሥራ። ያንተን ስል።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ አላስቻለውም፣ ዛፉን ተደግፎ ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ቆሜ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። የመጀመሪያው ቀን የእሱ ጆሮ እንዲህ ነበር የቀላው አልኩ በልቤ። «አትሳቅ» አልኩት። «አልሳቅሁም» አለ፣ አፉን በእጁ ይዞ።

ተመልሰን አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። የፈቃዱን መስመር አሳየኝ። ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ሲቸግረው ይታወቀኛል። በመጨረሻ ስክሪኑን እያየ፣ ቀስ ብሎ «አልገባኝም» አለ። ፋይሉ አለ፣ አንተም ባለቤቱ ነህ፤ ግን ተነሥተህ ሥራ ብለህ አልፈቀድክለትም፤ ፈቃዱን አንተ ነህ የምትሰጠው አልኩት። ፈቃዱን ሰጠው። ነጥቧን፣ እዝባሯን፣ ስሙን ጻፈ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ዝም ብሎ መሥራት ጀመረ። የእኔንም እንደ አዲስ አስነሣን። ማሳያው ሰዓት ሲደርስ የእሱ አጭር ስለሆነ አልቋል፤ የእኔ ረጅሙ ገና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፊተኛ የነበርኩት ኋለኛ ሆንኩ። ሰብለ ጌትነትን «ጎበዝ» ስትለው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደገና ቀናሁ።

ማታ እናቴ ዱቄቱን ገበታ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ላቡካ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላወቅኩም ነበር። ከሴት ጋር አለመማገጡን አውቄያለሁ። ነገ ሥራ ቢያጣ፣ ቢታመም፣ ቢከስር፣ ይህን ለማን ሄዶ እንደሚናገር ግን አላውቅም።

«በአላውቅም ሊጥ ቆሞ አይጠብቅም» አለች እናቴና ውሃውን አፈሰሰችበት። «እምቢ ካልሽ ራሳችን እንበላዋለን።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ግቡ ተባሉ፤ ገቡ። ተቀመጡ ሳይባሉ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቄስ መንገሻ እንደ ወጉ ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን፣ እኛም ልጅ እንሁናችሁ አሉ። አባቴ ወደ ጓዳው ዞሮ «የሻረግ፣ ሰምተሻል?» አለ። በወጉ እኔ ዝም ማለት አለብኝ። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው።

«ሰምቻለሁ» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። በዚያም አላቆምኩም። «ጥሎሽ እንዲህ ይሁን እንዲያ ይሁን አልልም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ያልገባውን ነገር ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ለእኔ ይንገረኝ።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቄስ መንገሻ ግን «እንግዲያስ ይኼን ነበራ» አሉ። «ትናንት ማታ መጥቶ አንድ አደራ ጥሎብኝ ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆን አልገባኝ ብሎ ነው ያደረው። ‹ትሳቅብኝ፤ ብቻ በሩ ተዘግቶ ይሁን በሏት› ነው ያለኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አሁን ነው ዝም ያልኩት። አባቴ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን «ተቀመጡ» አላቸው። ድፎው ገባ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቅናቴ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። የተማርኩት አድራሻውን፣ በምን እንደምቀና ነው። ያን ሰሞን የሰብለን ቀሚስና ሳቅ ስቆጥር የከረምኩት የተወሰደብኝ ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው። እናንተም የሰው ሥራ እየዘረዘራችሁ ልትገድሉ ስትነሡ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ነው። ጌትነትም ቃሉን ጠብቋል። «አልገባኝም» ሲለኝ፣ የኔ ቆንጆ ካለኝ ይበልጥ ደስ ይለኛል። በሩን ዘግቼ እስቃለሁ፤ ከዚያ አስረዳዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ግን ጓዳ ሆኜ ሊጥ ሳቦካ፣ በረንዳው ላይ በስልክ «አልገባኝም፤ እስቲ እንደገና ንገሪኝ» ሲል ሰማሁት። ንገሪኝ! በሊጥ እጄ ወጣሁ።

«ማን ናት?»

«ልጅሽ ናት» አለ ደንግጦ። ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ የምትማረው ልጃችን ናት። «አዲስ ስልኬን እንዴት እንደምጠቀም እያሳየችኝ ነው።»

«አምጣው ስልኩን» አልኩና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «ምኑ ነው ያልገባው? ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ አስረዳዋለሁ።»